ለጋሼ፤ ስለዚያ ፎቶግራፍ

ጳጉሜን 3 ቀን

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ አባዬ፣ እማዬ፣ እህታችን፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሰላምታውን ያሳጠርኩት ከኩራት አይደለም። የላክኸው የድምፅ መልእክት እንቅልፍ ነስቶኝ ነው። «እኛ አባታችንን ደብረ ብርሃን እያመላለስን አንተ እዚያ ብስክሌት ትጫወታለህ» አልከኝ። በስልክ ልመልስልህ አስቤ ነበር፤ ግን አንተ ትጮኻለህ፣ እኔም እጮኻለሁ፣ ከዚያ መስመሩ ይቋረጥና ሁለታችንም ኩርፊያችንን ይዘን እንከርማለን። ስለዚህ ለበዓል አገር ቤት ለሚገባ ሰው ይህን ጽፌ ሰጠሁት። ለእማዬ የምታነብላትንና የማታነብላትን እየለየሁ እነግርሃለሁ።

የገንዘቡን ነገር ላስቀድም። 45 ሺህ ብር በባንክ ሒሳብህ ገብቷል። 15 ሺሁ ለአባዬ መድኃኒትና መመላለሻ፣ 5 ሺሁ ለእማዬ የበዓል ወጪ፣ የቀረው ሳይነካ ለእህታችን ሰርግ ይቀመጥ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ፣ የምልከው የኖርዌይ ክሮነር እናንተ ዘንድ ሲደርስ ብዙ ብር እንደሚሆን አውቃለሁ። ጤፉና ዘይቱም ይህንኑ እንደሰሙ ደግሞ አንተ ነግረኸኛል። በክረምቱ ዝም ያልኩት ረስቻችሁ አይደለም። ሥራ ቦታ ጥቂት ለውጥ ነበር፤ አሁን ተስተካክሏል።

ወደ ፎቶግራፉ ልምጣ። ማን እንዳሳያችሁ አውቃለሁ፤ አልተቀየምኩትም። እማዬ «ልጄን ደብድበውት ነው» ብላ አለቀሰች አሉኝ። ንገራት፤ ፊቴ ላይ ያለው ጭቃ ነው። በነሐሴ እዚህም ይዘንባል። በተራራ የብስክሌት ውድድር ከፊት ያለው ሰው ጎማ ጭቃውን አንስቶ ከኋላ ያለው ፊት ላይ ይለጥፈዋል፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ ሆኖ ነው የሚጨርሰው። ጥርሴ የታየው ስለሳቅኩ ነው። ስስቅ ካየኸኝ ስንት ጊዜህ ነው? ይልቅ ምን አሳቀህ ብለህ ብትጠይቀኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሳትጠይቀኝም እነግርሃለሁ። ውድድሩ ሬና ከምትባል ከተማ ተነስቶ ሊልሃመር ላይ ያበቃል። ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አብዛኛው ጫካ ለጫካ የሚሄድ የጠጠር መንገድ፣ አንዳንዱ ሥርና ድንጋይ የበዛበት የእግር መንገድ። ሊልሃመር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1994 የክረምት ኦሊምፒክ የተካሄደባት ናት፤ የብስክሌቱ ውድድር ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ተጀምሯል። ሰው በየምድቡ ተከፋፍሎ ይለቀቃል፤ አብዛኛው እንደ እኔ ለማሸነፍ ሳይሆን ለመጨረስ የመጣ ነው። አራት ሆነን ሄድን፤ እኔ፣ አንድ የአስመራ ልጅ፣ ኖርዌጂያዊት የሥራ ባልደረባዬና አባቷ። የመመዝገቢያውን ሥራ ቦታችን ከፍሎልናል። ከአባዬ መድኃኒት የተነካ ሳንቲም እንደሌለ ይህን ዓረፍተ ነገር ደግመህ አንብበው።

ብስክሌቱንም ለጨዋታ አልገዛሁትም። ፈረቃዬ የሚያልቀው ሌሊት ነው፤ በዚያ ሰዓት ወደ ሰፈሬ የሚሄድ አውቶቡስ የለም። የባልደረባዬ አባት ጋራዡ ውስጥ ሰቅሎት የኖረውን አሮጌ ብስክሌት በትንሽ ዋጋ ሸጠልኝ። በበጋቸው ሳይሆን በቅዝቃዜው ወራት እዚህ ሰው ትናንሽ ሚስማር የተተከለበት ጎማ ያስገባል፤ በረዶውን እየነከሰ ይሄዳል። እኔም አስገባሁ። ይህን ለእማዬ አታንብብላት፤ ሌሊት በበረዶ ላይ ብስክሌት እነዳለሁ ብትሰማ እስከ ፋሲካ አትተኛም።

ሰውየው ቅዳሜ ቅዳሜ ጫካ ይወስደን ጀመር። መጀመሪያ ያስተማረኝ የጎማ አየር መቀነስ ነው። እኛ ጎማ እንደ ድንጋይ ካልጠጠረ የተነፋ አይመስለንም ነበር፤ እዚህ ግን ለተራራ መንገድ ላላ ያደርጉታል፤ ድንጋዩንና የዛፉን ሥር ጨብጦ እንዲያልፍ፣ እንዳይዘል። ከመነዳሪም የለውም። ውስጡ ፈሳሽ ይደረግበታል፤ እሾህ ሲወጋው ፈሳሹ ቀዳዳውን ራሱ ይደፍነዋል። አንተ ደጃፍ ላይ ተቀምጠህ፣ ከመነዳሪውን ውኃ ውስጥ እየነከርክ፣ አረፋ የሚወጣበትን እየፈለግክ በማስቲሽ ስትለጥፍ ያሳደግኸኝ ሰው ይህን ብታይ ምን ትል ይሆን እያልኩ ሳስብ ነበር።

የአስመራው ልጅ ግን አይቻልም። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2016 ክረምት በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ዙር አሸንፎ የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማልያ ከወሰደ ወዲህ ዳገት በወጣን ቁጥር ስሙን ይጠራል። እኔም ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ለቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን አነሳበታለሁ። እሱ በትግርኛ ይሰድበኛል፣ እኔ በአማርኛ እመልስለታለሁ፤ ፈረንጆቹ የተጣላን መስሏቸው ይገላግሉናል። ፍልሰታንም አብረን ጾምን። ሽሮ በልቶ ዳገት የሚወጣ ሰው አይተው አያውቁም።

ይህኛውን ለአባዬ ጮክ ብለህ አንብብለት። በዚህ ውድድር 3.5 ኪሎ የሚመዝን ቦርሳ በጀርባ አዝሎ መንዳት የቆየ ወግ ነው። ምክንያቱን ስጠይቅ ታሪክ ነገሩኝ። በእነሱ አቆጣጠር በ1206፣ አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ሳለ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልዑል ሆኮን ጠላት እንዳያገኘው ሁለት ተዋጊዎች በበረዶ መንሸራተቻ ከሊልሃመር አካባቢ ተነስተው በተራራው አሻገሩት። ሕፃኑ አድጎ ነገሠ። ቦርሳው የዚያ ሕፃን መታሰቢያ ነው። (ውድድሩ አቅጣጫውን ገልብጦታል፤ እነሱ ከሊልሃመር ሸሹ፣ እኛ ወደ ሊልሃመር እንገባለን።)

እኔም አላስችል አለኝና የእኛን ነገርኳቸው። አባዬ በአንጎለላ ባለፍን ቁጥር የሚያነሳውን። ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሲሞቱ የሸዋ መኳንንት የ11 ዓመቱን ምኒልክን ይዘው ከቦታ ቦታ መዞራቸውን፣ ኅዳር 1848 በረከት በተባለ ቦታ ከአፄ ቴዎድሮስ ጦር ጋር መዋጋታቸውን፣ ልጁ ተይዞ መቅደላ መወሰዱን፣ በ1857 አምልጦ ሸዋ መግባቱን። «የናንተው ዳነ፣ የእኛው ተያዘ፤ ሁለቱም ግን ነገሡ» አልኳቸው። ሽማግሌው፣ የባልደረባዬ አባት፣ ብስክሌቱን ማጠብ ትቶ አዳመጠኝ። አባዬ ይህን ሲሰማ ፊቱን አይተህ ንገረኝ።

ቦርሳዬን በምን እንደሞላሁትም እነግርሃለሁ። የዝናብ ልብስ፣ ውኃ፣ መለዋወጫ አስገብቼ ብመዝነው ጎደለ። እማዬ በሰው የላከችልኝን ቆሎ ጨመርኩበትና ሞላ። ወደ ላይኛው ሜዳ ስንወጣ ለሦስቱም አካፈልኳቸው። ገብሱን፣ ሱፉን፣ ሽምብራውን እየለዩ ይጠይቁኛል። እናቴ ደብረ ሲና ላይ ለአውቶቡስ መንገደኛ የምትሸጠው ነው አልኳቸው፤ ሽማግሌው ቆሎውን ከእኔ በዋጋ ሊገዛ ፈለገ። ለእማዬ ደንበኛ እንዳገኘሁላት ንገራት።

ዳገቱ ከሬና ገና ሳትወጣ ይጀምራል። እኔ ከውድድሩ በፊት ጉራዬን ነፍቼ ነበር። የዚህ መንገድ ከፍተኛው ቦታ ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር አይሞላም፤ ጣርማበር ከ3,000 ይበልጣል፤ «እኔ የጣርማበር ሥር ልጅ ነኝ» አልኳቸው። ሳንባዬ ግን ይህን ረስቶታል። ቆሜ መርገጥ ስጀምር የኋላው ጎማ ጠጠሩ ላይ ይሸሻል፤ ስቀመጥ ጉልበቴ ይከዳኛል። ከአባዬ በዕድሜ የሚበልጠው ሽማግሌ ማርሹን ዳገቱ ሳይጀምር አቅልሎ፣ ከኮርቻው ሳይነሳ፣ በአጠገቤ አለፈ። ሲያልፍም «ቀስ በል» አለኝ። ከዚህ በላይ ቀስ ማለት መቆም ነው። ያኔ ነው ሳቅ የጀመረኝ፣ ፎቶግራፉም የተነሳው።

ወደ መጨረሻው ረጅም ቁልቁለት አለ። ጋሼ፣ እዚያ ላይ ያልጠበቅኩት ነገር መጣብኝ። ያንን የኪራይ ብስክሌት ታስታውሳለህ? ጣሊያን ከቆፈረው ዋሻ አፍ፣ በዚያ ጉም ውስጥ፣ አንተ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን ወደ ደብረ ሲና የወረድንበትን? ፍሬን አልነበረውም። የጫማህን ሶል ጎማው ላይ እየጫንክ ነበር የምታቆመው፤ የላስቲኩ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ጭላዶቹ ከመንገዱ ዳር ቆመው ያዩን ነበር። አንተ «ዓይንህን ጨፍን» ስትለኝ እኔ ጨፍኜ ወገብህን እይዛለሁ። ይኸው ሁለት ፍሬን ባለው፣ ከፊት ሞላ ባለው ብስክሌት ላይ ሆኜ ያንተን ጫማ ፈለግኩ። ሰው ግራና ቀኝ እያለፈኝ አለቀስኩ። ጭቃው ረዳኝ፤ ማንም አላወቀብኝም።

አንድ ኩርባ ላይ ጥቂት ተንሸራትቻለሁ። ቀኝ እጄ ላይ ያለው ፋሻ ለጥንቃቄ ነው፤ ጽሕፈቴ የተበላሸው ለዚህ ነው። ይህም ለእማዬ አይነበብም። በየዕድሜ ምድቡ ከፊት የገቡት አምስት ሰዎች አማካይ ሰዓት ላይ 25 በመቶ ተጨምሮ፣ በዚያ ውስጥ ለደረሰ ሰው የክብር ምልክት ይሰጠዋል። የአስመራው ልጅ አገኘ፤ አሁን ጨርሶ አይቻልም። እኔ ትኩስ ሾርባ አገኘሁ።

«ትጫወታለህ» ብለኸኛል። አዎ፣ ተጫወትኩ። አንተ ቅዳሜ ገበያ አለህ፣ ዕድር አለህ፣ ሰንበቴ አለህ፣ ስትናደድ እንኳ የምትቆጣው ሰው አጠገብህ አለ። እኔ ዘንድ ቅዳሜ ሲመጣ አንድ ክፍልና አንድ ስልክ ነው። ስልኩም ያለፈው ጊዜ ኔትወርክ ጠፍቶ ስትከርሙ ምን እንዳደረገኝ አልነገርኩህም። እነዚህ ሰዎች በሬን አንኳኩተው «ና ውጣ» ስላሉኝ ወጣሁ። ልታስከፋኝ እንዳላሰብክ አውቃለሁ፤ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል በር ላይ ሌሊት ተሰልፎ ያደረ ሰው የሚናገረውን አይመርጥም።

ይልቅ እኔ ልቆጣህ። የአባዬ እግር መቁሰሉን ለምን ደበቃችሁኝ? ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት። «አያመኝም ይላል» ማለትህ አላረጋጋኝም፤ ስኳር የእግርን ነርቭ ስለሚያደነዝዝ ነው የማያመው፣ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። እባክህ በየማታው ውስጥ እግሩንና በእግሩ ጣቶች መካከል ያለውን በብርሃን እየው። ሲታጠብ የውኃውን ሙቀት እሱ ሳይሆን እማዬ በክንዷ ትፈትሸው። ጣቶቹ መካከል በደንብ ይደረቅ። በባዶ እግሩ ጓሮም ቢሆን አይውጣ፤ ያንን የኮንጎ ጫማ አርቁበት፤ እሳት ዳር እግሩን አይዘርጋ። ቁስሉ ከቀላ ወይም ከሸተተ ሰዓት ሳትጠብቅ ውሰደው። ፍልሰታን ኪኒኑን እየዋጠ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመ አሉኝ! የጾመ ነቢያት ሳይገባ የንስሐ አባቱን ቤት ጥራቸው። እኔና አንተ ብንነግረው ይቆጣናል፤ እሳቸው «ለታመመ ሰው ተፈቅዷል» ካሉት ይሰማል።

እህታችንን በስልክ አግኝቻት ሳቋ አላቋርጥ አለ። ሽማግሌ ሲመጣ አባዬ «እስቲ እንመክርበታለን» ብሎ መልሷቸው፣ ማታ ግን ራሱ ደስ ብሎት እንቅልፍ እንዳጣ ነገረችኝ። ልጁን አላውቀውም፤ አንተ «ጨዋ ነው» ካልክ በቃኝ። መሐል ሜዳ መሄዷ ግን አሳሰበኝ። ደብረ ሲና ያደገች ልጅ ጓሳ አጠገብ ያለውን ውርጭ አታውቀውም። ሙሽራው ወገን ጥሎሹን ሲያመጣ ወርቁን አታብዙ፣ ጥሩ የመንዝ ባና አምጡ በልልኝ። ብርድን እኔ ልንገራችሁ።

የመኖሪያ ፈቃዴ እድሳት ላይ ነው። ከጥምቀት በፊት ከደረሰልኝ እመጣለሁ። ለእማዬ ግን ይመጣል እንዳትላት፤ ካልደረሰ በር በሩን ስታይ ትውላለች። ሰርገኛው ሲመጣ በር የሚይዘው እኔ ነበርኩ፤ ካልመጣሁ ያንተ ትልቁ ልጅ ይያዝልኝ። ቶሎ እንዳይለቅ አደራ። ጉቦውን ያስጨምር።

የሰርጉ ቀን እንደተቆረጠ ወዲያው ንገረኝ፤ የሰንጋውን ገንዘብ ለብቻው እልካለሁ፣ ከዚህኛው እንዳትነካ። ለአባዬ ሰፊና ለስላሳ ጫማ ልገዛለት ነው። ሁለቱንም እግሩን ወረቀት ላይ አስቁመህ ዙሪያውን በእርሳስ አስምርና ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ከጎኑ ማስመሪያ አድርግ። ማታ ይሁን፣ እግር ማታ ያብጣል። እርሳሱን ቀጥ አድርገህ ያዝ።

ወንድምህ

ይህን ደብዳቤ በሚያመጣው ሰው እጅ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ አለ። ላስቲኩ ላላ ያለው የአባዬ ነው፤ የጠበቀው ደም እንዳይዝበት። ሌላው ያንተ ነው።