ቡንጎማ ከመሄድህ በፊት

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። የእናትህ ጉልበት ብቻ ክረምቱ ሲገባ እንደለመደው ተነስቶባታል።

እህትህ ሁሉንም ነገረችኝ። ነሐሴ ላይ የልጅቷን ቤተሰብ ልታይ ምዕራብ ኬንያ፣ ቡንጎማ ልትሄድ ነው አሉ። ደስ ብሎኛል። ያናደደኝ ሌላ ነው። «ቋንቋቸውንስ?» ብትልህ «ስዋሂሊ ይበቃል፣ ሁሉም ያው ሉህያ ነው» አልካት። ስዋሂሊ ይበቃል አትበል። ስዋሂሊ ለማታቱ፣ ለዚያ ሚኒባሳቸው፣ እና ለሱቅ ነው። አንተ የምትሄደው ሰው ቤት ነው።

እህትህ ከኢንተርኔት እያነበበች ስታስረዳኝ ሰነበተች። መጀመሪያ «አባሉህያ» ስትለኝ የመነኩሴ ስም መስሎኝ «የየት ገዳም ናቸው?» ብያት በሳቅ ሞተች። ለካ «አባ» እነሱ ዘንድ «ሰዎች» ማለት ነው፤ የሉህያ ሰዎች መሆኑ ነው። በፈረንጆቹ 2019 የኬንያ የሕዝብ ቆጠራ ከ6.8 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል፤ ከኪኩዩ ቀጥለው ሁለተኛ ናቸው። ግን ወደ 18 ጎሳ ናቸው፤ ቡኩሱ፣ ማራጎሊ፣ ዋንጋ፣ ሳሚያ እያለ ይቀጥላል። ሁሉንም ያቀፈው ስም የተለመደው በ1930ዎቹና በ40ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት እንግሊዞቹ «የካቪሮንዶ ባንቱ» ነበር የሚሏቸው። በ1940ዎቹ ለሁሉም አንድ አጻጻፍ የሚያወጣ ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር። ማራጎሊዎች ግን በራሳቸው ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስ እየተተረጎመላቸው ስለነበር እሺ አላሉም። እኔ አልፈርድባቸውም።

አሁን ስማኝ። አባቷ ቡኩሱ፣ እናቷ ማራጎሊ ናቸው ብለኸኛል። አባትየው ዶሮን «ኤንጎኾ» ሲሉ እናትየው «ኢንጎኮ» ይላሉ፤ ያ የጉሮሮ «ኸ» በማራጎሊ የለም። ይሄ እንግዲህ ቀላሉ ነው። ወሬው ሲረዝም ቡኩሱና ማራጎሊ የማይግባቡበት ብዙ ነው። ስለዚህ ለአባትየው የተማርከውን ሰላምታ ለእናትየው ገልብጠህ እንዳትሰጥ።

ይሄ ለእኛ ቤት እንግዳ ነገር አይደለም። ልጅ ሆኜ መርካቶ የተቀጠርኩበት ሱቅ ባለቤቱ የሶዶ ሰው ነበሩ፣ እኔ የእዣ። ደንበኛው ሁሉ «እነዚህ ጉራጌዎች በጉራጊኛ ዋጋ እየተማከሩብን ነው» ይል ነበር። ምን እንማከራለን! እሳቸው በክስታንኛ ሲናገሩ እኔ ግራ ይገባኛል። የምንግባባው በአማርኛ ነበር።

እዣን ካነሳሁ አይቀር ልንገርህ። አያትህ፣ እኔ አዶት የምላት፣ ለዓይኗ ሕክምና መጥታ 3 ወር እኛ ጋ ተቀምጣ ነበር። አንተ 7 ዓመትህ ነበር። ማታ ማታ አልጋህ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ በእዥኛ ተረት ትነግርሃለች። አንተ ትስቃለህ። የምትስቀው በተረቱ ሳይሆን በድምፁ ነበር። እሷ ግን ገብቶት ነው ብላ ትቀጥላለች። መጀመሪያ ሰሞን እተረጉምልህ ነበር። ኋላ አንድ ማታ ከሱቅ ደክሞኝ ስገባ «ተይው አዶት፣ አይሰማም» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ተረቱ ቀረ። እጅህን ይዛ ዝም ብላ ትቀመጥ ነበር። አንተም ዝም ስትልህ ጊዜ አኮረፍክ መሰለኝ፤ ትዝ አይልህም። በዓመቱ መስቀል ሳይደርስ አረፈች። ከተረቶቹ የአንዱ ግማሽ ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ፤ ጅብና አህያ ያለበት ነው። መጨረሻውን የምጠይቀው ሰው የለም።

ለምን አላስተማርከንም ትል ይሆናል። እናትህ የጎጃም ሰው ናት፣ ሥራው በአማርኛ ነው እያልኩ ስንት ዓመት ለራሴ ነገርኩት። ሰበብ ነው። ሰንፌ ነው። አማርኛ ይበቃል ብዬ ነበር። ለዚህ ነው አንተ ስዋሂሊ ይበቃል ስትል የበረደኝ።

ደግሞ በሌሊት እንዳትጓዝ። መንገዱ ናኩሩንና ኤልዶሬትን አልፎ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። አጎበር ያዝ፤ ያ አገር ወባ አለበት። እናቷን ለመጨበጥ እጅህን አትዘርጋ፤ እዚያ አማችና የሚስት እናት አይጨባበጡም። ሌላ የማናውቀው ወግ ካለ ልጅቷን አስቀድመህ ጠይቃት፤ ፍቅር ነው ብለህ አትኩራ። ነሐሴ ደግሞ የፈረንጆቹ ዓመት ለ2 የሚካፈል ቁጥር ሲሆን የቡኩሱ ወንዶች ልጆች የግርዛት ወቅት ነው። ቃጭል እያንቃጨሉ ዘመድ ሲጠሩ ብታይ አትደንግጥ። አንተ በ8 ቀንህ ጨርሰሃል።

የተቆላ ቡና 2 ኪሎ እና ቡላ በሰው ልኬልሃለሁ። ቡላውን እናቷ ፊት አንተው ሥራው። አሠራሩን ረስተህ ከሆነ እናትህ ጋ ደውል፣ ጎጃሜ ብትሆንም ከእኔ ትሻላለች።

ለአባቷ «ሙሌምቤ» ብሎሃል በልልኝ። ለእናቷ «ሚሬምቤ»። እንዳትቀያይራቸው። በትክክል ጽፌው እንደሆነም ጠይቅና በድምፅ ቅዳልኝ፣ እኔም ልለማመደው።

አባትህ