ለአባዬ፣ ስለዛ ስለ ሞተረኞቹ ፊልም

አባዬ ደና ነህ ወይ፣ ጉልበትህስ ተሻለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደና ነን። በቀደም በስልክ ስለ ሞተር ጋንጎቹ ፊልም ስነግርህ ኔትወርኩ ተቋረጠና ሳልጨርስልህ ቀረሁ፣ ስለዚ ልጻፍልህ ብዬ ነው።

ፊልሙ ዘ ባይክራይደርስ ይባላል፣ ዳይሬክተሩ ጄፍ ኒኮልስ ነው። መነሻው ዳኒ ላየን የሚባል ፎቶግራፈር ከቺካጎ ሞተረኞች ጋር አብሮ እየነዳ ያነሳቸውን ፎቶዎችና በቴፕ የቀዳውን ወሬ ሰብስቦ በፈረንጆቹ 1968 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። አንተ ማርሎን ብራንዶን ትወደው የለ፣ የሞተረኞቹን ክለብ የመሰረተው ጆኒ (ቶም ሃርዲ ነው የሚሰራው) ሀሳቡ የመጣለት የብራንዶን የ1953ቱን የሞተረኞች ፊልም ቲቪ ላይ ሲያይ ነው። ሰውዬው ደሞ ስራ ፈት ዱርዬ እንዳይመስልህ፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ሚስትና ሴት ልጆች አሉት።

ብዙ ሰው ፊልሙ ታሪክ የለውም ዝም ብሎ ይንዛዛል ይላል፣ እኔ ግን በጭራሽ አልስማማም። ታሪኩን ከላይ እስከ ታች የምታወራው ኬቲ ናት፣ የክለቡ አባል የቤኒ ሚስት፣ ጆዲ ኮመር እንዴት አድርጋ እንደሰራቻት ብታይ! ባሏን እየወደደችው ምንም አትሸፋፍንለትም። ቤኒ ማለት ቡና ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች የክለቡን ጃኬት አውልቅ ሲሉት አላወልቅም ብሎ በአካፋ መትተውት እግሩን ሊያጣ ምንም ያልቀረው ልጅ ነው፣ እሷ ደሞ ለምን እንደዚ እንደሚሆን እስከመጨረሻው አይገባትም፣ እኛም አይገባንም፣ እኔ ይሄን አለመግባቱን ነው የወደድኩት። ዚፕኮ የሚባለው ደሞ አለ፣ ቬትናም ልዝመት ብሎ ሄዶ አትሆንም ተብሎ የተመለሰ፣ እሳት ዳር ቁጭ ብሎ እሱን ሲያወራ አንጀቴን በላው።

ክለቡን አንድ ላይ ይዞት የነበረው አንድ ደንብ ነው። ጆኒን ልገዳደር የሚል ሰው ሲመጣ በቡጢ ነው በቢላ ብሎ ይጠይቀዋል፣ ይደባደባሉ፣ ከዛ አብረው ቢራ ይጠጣሉ። ኋላ ግን ክለቡ ሰፋ፣ ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ተከፈተ፣ ከቬትናም የተመለሱትም ገቡ፣ ሄሮይን መጣ፣ ጆኒ የራሱን ሰዎች የማያውቅበት ደረጃ ደረሰ። አንድ ግብዣ ላይ አዲሶቹ ኬቲን ሊደፍሯት ሲሉ እሱ ባይደርስ ኖሮ አልቆላት ነበር። ከዛ አንድ ጎረምሳ መጣ፣ ጆኒ እንደ ድሮው ቢላውን ይዞ ወጣ፣ ልጁ ግን ሽጉጥ አውጥቶ ገደለው። በቃ። ለልጁ ደንብ የሚባል ነገር የለም፣ ጆኒ ደሞ ያንን እያወቀ የወጣ ነው የሚመስለኝ።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር ቢኖር ክለቡ የለየለት የወንጀል ድርጅት የሆነበትን ጊዜ ኬቲ በአፏ ነግራን ቶሎ ታለፈ፣ እሱን በዓይናችን ማየት ነበረብን።

አሁን አንተን ልጠይቅህ የፈለኩት፣ ጆኒ ቤኒን ይሄን ነገር ተረከበኝ፣ ደክሞኛል ብሎ ሲለምነው ቤኒ እምቢ ብሎ ጥሎት ሄደ። ልክ ነው ትላለህ? እኔ ጥፋት ነው ባይ ነኝ፣ ባይረከበው እንኳን አጠገቡ መቆም ነበረበት፣ ባለቤቴ ግን የቤኒን ነፍስ ያዳነው ጥሎት መሄዱ ነው ትላለች። ልጆቹ ያውርዱልህና እየው፣ ደም ስላለው ማታ ሳይሆን ቀን ላይ ይሁን፣ ከዛ ያልከውን እሁድ ስደውል ንገረኝ።

ልጅህ