ገበሬው «መሬቴን አላስለካም» አላለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት ስለ አውሮፓ የደን ሕግና ስለ ቡናችን ያወጣችሁትን ዘገባ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሕጉ በቅርብ ዓመታት ደን ተመንጥሮ ከተተከለ ማሳ የመጣ ቡና አውሮፓ እንዳይገባ የሚከለክል፣ ቡናው የበቀለበት የየማሳው ቦታም እንዲመዘገብ የሚያዝ ነው። ሦስቱንም ጊዜ የተናደድኩት አንድ ቦታ ላይ ነው። «ገበሬው የማሳውን ዙሪያ ለማስለካት ፈቃደኛ ስላልሆነ ላኪዎች ተቸግረዋል» ብላችኋል። ማነው እንዲህ ያላችሁ? ላኪ አነጋግራችኋል። ባለሥልጣን አነጋግራችኋል። ገበሬ ግን አላነጋገራችሁም። እንደኔ እሸት ቡና ተቀብሎ የሚፈለፍል ባለ ጣቢያም አላነጋገራችሁም።

ነገሩ ከሥሩ ስህተት ነው። ሕጉ ዙሪያውን ለኩ የሚለው ከአራት ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ማሳው ያለበትን ቦታ የሚያሳይ፣ በስልክ የሚወሰድ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል። እኔ ባለሁበት ይርጋጨፌ ዙሪያ አራት ሄክታር ቡና ያለው ገበሬ ልፈልግ ብል ቀኑን ሙሉ ስዞር እውላለሁ። አብዛኛው ያለችው ትንሽ ቁራጭ ናት፤ እሷም ሁለት ሦስት ቦታ የተበታተነች። ታዲያ ገበሬው ያልተጠየቀውን ነገር እንዴት እምቢ ይላል?

ዘገባችሁ እዚህ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። በማግስቱ ማታ አንዲት እናት እሸታቸውን በኬሻ ተሸክመው መጡ። ሚዛን ላይ 11 ኪሎ ሆነ። መዝጋቢው ልጅ እንደ ልማዱ የማሳቸውን ቁጥር ጠየቃቸው። ኬሻቸውን መልሰው አነሱ። «ልጄ፣ መሬታችንን ዙሪያውን ሊለኩ ነው አሉ። ለግብር ነው?» አሉት በጌዴኦኛ። የልጅ ልጃቸው ከስልኩ አንብቦላቸው ነው። ነጥቡ ከተወሰደ እኮ ሁለት ወር ሆኖታል! ያኔ ነጥቡን የወሰደውን ልጅ ዳገቱን ይዘውት ወጥተው ማሳውን ያሳዩት፣ ቡና ያፈሉለትም እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ችግር የለም አላልኩም። ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። አንድ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚይዝ 320 ጆንያ ይጭናል። አንድ ኪሎ የታጠበ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ይፈጃል። ስለዚህ ለአንድ ኮንቴይነር ከ115,000 ኪሎ በላይ እሸት መቀበል አለብኝ። አንድ ሰው በአንዴ 30 ኪሎ እንኳ ቢያመጣ፣ ሚዛኑ ወደ 3,800 ጊዜ ይመዝናል። ያ ሁሉ እየተቀላቀለ ገንዳ ገብቶ፣ ተፈልፍሎ፣ በማድረቂያ አልጋዎች ላይ ይደርቃል። ከዚያ መሃል የአንዷ ማሳ ነጥብ ከጎደለ፣ የጀርመን ወደብ ሃምቡርግ ሲደርስ ሙሉ ጭነቱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። መጻፍ የነበረበት ይሄ ነበር።

ወጪውስ? ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ይጀምራል ተብሎ ስንጣደፍ ሦስት ስልክ ከኪሴ ገዛሁ። ማሳ ለማሳ የሚዞሩ ሁለት ልጆች ቀጠርኩ። ቡናዬን የሚወስደው ላኪ «ይሄ የናንተ ሥራ ነው» አለኝ። እሱንም የውጭ ገዢው እንደዚያው ብሎታል። ከዚያ ሕጉ አንዴ ተራዘመ፣ ደግሞ ተራዘመ። በኪሎ የተጨመረልኝ ሳንቲም የለም። እሸት የምገዛው ደግሞ በባንክ ብድር፣ በጥሬ ገንዘብ ነው። የባንኩ ወለድ አልተራዘመልኝም።

ደግሞ ስለ ደን ስታወሩ የጌዴኦን ስም አንድ ቦታ እንኳ አላነሳችሁም። እዚህ ቡና የሚበቅለው ከእንሰት ጋር፣ በትልልቅ የጥላ ዛፎች ሥር ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህንኑ የጌዴኦ መልክዓ ምድር ነው። የኛ ስጋት ሌላ ነው። የጥላ ቡና ከሳተላይት ሲታይ ደን ይመስላል። ገበሬው ያረጀ ዛፍ ቆርጦ በምትኩ ችግኝ ሲተክል «ደን ተመነጠረ» ተብሎ እንዳይነበብበት እንፈራለን። ይህን የሚጠይቅልን ጋዜጠኛ ነበር የጠበቅነው።

እርማት እንድታወጡ እጠይቃለሁ። የአራት ሄክታሩን ነገር በግልጽ ጻፉት፤ ዘገባው በወጣበት ቦታ፣ በዚያው መጠን። ወስጄ ለእኚያ እናት የማነብላቸው እኔ ነኝ። ከዚያች ማታ ወዲህ ቡናቸውን ይዘው አልመጡም።

ከአንድ የመፈልፈያ ጣቢያ ባለቤት
ይርጋጨፌ