ለእማዬ፣ ስለ ልጁ ሽፍታ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የእህቴ ሕፃን የዘጠኝ ወሩን የኩፍኝ ክትባት በተከተበ በሳምንቱ አተኩሶት ሽፍታ እንደወጣበት፣ አንቺም «በመርፌ ኩፍኝ ሰጡት» ብለሽ ጨለማ ክፍል እንዳስተኛሽው እህቴ ነገረችኝ። ወንድሜን በኩፍኝ ያጣሽ እናት ብትፈሪ አይፈረድብሽም። በስልክ አይሆንልኝም ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

እውነቱን አልሸሽግሽም፤ መርፌው ውስጥ ያለው ሕያው የኩፍኝ ቫይረስ ነው። የተገኘውም እኔ ባለሁበት በቦስተን አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ዶክተር ቶማስ ፒብልስ ኩፍኝ ከያዘው አንድ ተማሪ ደም ወስዶ ከጆን ኤንደርስ ጋር ቫይረሱን አራባው። ከዚያ በሰው ሴል፣ ቀጥሎም በጫጩት ሽል ሴል ላይ ደጋግመው አሳደጉት። ጫጩቱን እየለመደ ሲሄድ ሰው ላይ ያለው ጉልበት ደከመ። ድካሙ ከአንድ ቦታ የመጣ አይደለም፤ 15,894 ፊደል ባለው የዘር መልእክቱ ውስጥ እዚህም እዚያም ተለውጧል። ለምሳሌ ሴል ላይ የሚጣበቅበት ፕሮቲን ስለተለወጠ፣ የሰፈሩ ኩፍኝ የማይጠቀምበትን ሴል ላይ ያለ ሲዲ46 የተባለ መያዣ ጭምር ይጠቀማል።

እኛ ላብራቶሪ ውስጥ የክትባቱን ቫይረስ ከሰፈሩ ኩፍኝ የምንለየው ኤን ከተባለው ጂን 450 ፊደል አንብበን ነው። የክትባቱ ቫይረስ ምንጊዜም ጂኖታይፕ (የዘር ዓይነት) ኤ ነው። ዛሬ በዓለም የሚዞረው ኩፍኝ ግን በአብዛኛው ቢ3 እና ዲ8 ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ፣ ከዚያ ከድሮው የተሠራው ክትባት ዛሬም ሁለቱንም መከላከሉ ነው። ፀረ እንግዳ አካላችን የሚይዛቸው የቫይረሱ ክፍሎች እምብዛም አይለወጡምና።

ከተከተቡ ልጆች ከመቶ አምስት ያህሉ እንዲህ ቀለል ያለ ሽፍታ ይወጣባቸዋል፤ በጥቂት ቀን ይጠፋል። ከተከተበ ልጅ ወደ ሌላ ሰው መተላለፉም ታይቶ አያውቅም፤ ስለዚህ የጎረቤት ልጆችን አታርቂበት። መጋረጃውን ክፈችለት፣ ጡት ደጋግማ ታጥባው። ከመከተቡ በፊት ግን ኩፍኝ የያዘው ልጅ አጠገብ ውሎ ከነበረ፣ ወይም ትኩሳቱ ከጠናበት፣ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው፣ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ናሙናም ይወሰድለት።

የአሥራ አምስት ወሩን ሁለተኛ ክትባት እህቴ እንዳታስቀርበት። ፈርታለች፤ አንቺ ካልሽ ግን ትሰማለች።

ናፋቂ ልጅሽ