አሴምብሊ ለሚጀምሩ ተማሪዎችና ለአስተማሪዎቻቸው

ክቡር አዘጋጅ፦

ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማሩ ብዙ ልጆቻችን አሴምብሊን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ በራሱ ትእዛዞች የሚታዘዝበትን ቋንቋ፣ ለፈተና ሸምድደው ያልፉና እርግፍ አድርገው ይተዉታል። ቋንቋው ከአቅማቸው በላይ ሆኖ አይደለም። አንድ ፕሮሰሰር፣ አንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ አንድ አሴምብለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም) መርጦ የሚያስጀምራቸው ስለሚያጡ ነው።

እጃቸው የሚገባው ማስተማሪያ ድብልቅልቅ ያለ ነው። አንዱ በ1978 እ.ኤ.አ. ስለወጣው ኢንቴል 8086 ፕሮሰሰርና ስለ ድሮው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስለ ዶስ ያስረዳል፤ ሌላው ስለ ባለ 32 ቢት ሊኑክስ፤ ሦስተኛው ስለ ባለ 64 ቢት። የዶሱ ፕሮግራም ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ያለ ዶስቦክስ ወይም መሰል ኢሙሌተር (የድሮውን ማሽን የሚያስመስል ፕሮግራም) አይነሳም። የሁለቱ ሊኑክሶች መምታታት ግን የባሰ ነው፤ አሴምብለሩ ስህተት አለ አይልምና። ፕሮግራሙ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን የሚያዘው በቁጥር ነው፤ በ32 ቢቱ ጽሑፍ ስክሪን ላይ ለማውጣት የሚሰጠው ቁጥር 4፣ ፕሮግራም ለመዝጋት 1 ነው። በ64 ቢቱ ለማውጣት 1፣ ለመዝጋት 60። በ64 ቢቱ 1 ብሎ ሊዘጋ ያሰበ ተማሪ «ጻፍ» ማለቱ ነው፤ ፕሮግራሙ ሳይዘጋ ከኮዱ ማብቂያ አልፎ ይሄድና «ሴግሜንቴሽን ፎልት» (ያልተፈቀደ ሜሞሪ ተነካ) ብሎ ይቆማል።

አሮጌም ቢሆን ባለ 64 ቢት ላፕቶፕ፣ ሊኑክስ፣ ናዝም የተባለው አሴምብለርና ጂዲቢ የተባለው ስህተት መፈለጊያ ይበቃሉ። ሶፍትዌሮቹ በነጻ ይገኛሉ፤ አንዴ ከተጫኑ ኢንተርኔት አይፈልጉም፤ መንዝ ወይም መርሐቤቴ ሆኖ ለሚለማመድ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስልክ ላይ ግን አይሞከር፤ የአብዛኛው ስልክ ፕሮሰሰር ኤአርኤም የተባለ ሌላ ዓይነት ነው፤ ትእዛዞቹም ይለያሉ።

የመጀመሪያው ፕሮግራም «ሰላም» ብሎ ይጻፍ። ሬጅስተር በሚባሉት የፕሮሰሰሩ ትንንሽ መያዣዎች ውስጥ ይህ ይቀመጥ፦ አርኤኤክስ ላይ የማውጫው ትእዛዝ ቁጥር 1፣ አርዲአይ ላይ ስክሪኑን የሚያመለክት 1፣ አርኤስአይ ላይ የጽሑፉ አድራሻ፣ አርዲኤክስ ላይ ርዝመቱ፤ ከዚያ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን የሚጠራው ትእዛዝ፣ ሲስኮል። ርዝመቱ የሚለካው በባይት እንጂ በፊደል አይደለም። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የጽሑፍ ኮድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ «ሰላም» 9፣ ከአዲስ መስመሩ ጋር 10 ባይት ነው። ሦስት ፊደልና አንድ መስመር ቆጥሮ 4 የሰጠ ሰው «ሰ» ትወጣለትና ከኋላዋ የተሰበረ ምልክት ያያል።

ቀጥሎ ቁጥር ማሳየት ይመጣል፤ ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ነው። ቁጥሩ ለ10 እየተካፈለ በእያንዳንዱ ቀሪ ላይ 48 ይደመራል፤ አስኪ በሚባለው የፊደል ኮድ ሠንጠረዥ የ«0» ቁጥር 48 ስለሆነ። ነገር ግን የማካፈያው ትእዛዝ ዲቭ የሚያካፍለው አርኤኤክስን ብቻ አይደለም፤ አርዲኤክስን ከፊቱ አያይዞ ሁለቱን እንደ አንድ ቁጥር ነው። «ሰላም»ን ስናሳይ ያስቀመጥነው 10 አርዲኤክስ ውስጥ ከቀረ ውጤቱ 64 ቢት ስለማይበቃው «ፍሎቲንግ ፖይንት ኤክሴፕሽን» (የነጥብ ቁጥር ስህተት) ይመጣል፤ ነጥብ ያለው ቁጥር በሌለበት! ተማሪው የሌለ ስህተት ሲፈልግ ይውላል። ከእያንዳንዱ ዲቭ በፊት አርዲኤክስን ዜሮ ማድረግ ብቻ ነው መፍትሔው። ሲስኮልም አርሲኤክስንና አር11ን ይለውጣቸዋል፤ የሎፕ (የድግግሞሽ) ቆጣሪ አርሲኤክስ ላይ ከነበረ ሎፑ መቆሚያ ያጣል።

ይህ ሁሉ በጂዲቢ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ በ«ስቴፕአይ» አንድ ትእዛዝ ማራመድ፣ በ«ኢንፎ ሬጅስተርስ» ሬጅስተሮቹን ማየት ነው። አስተማሪዎችን አጥብቀን የምንለምነው አንድ ነገር አለ። ፈተና ላይ «ሙቭ የተባለው ትእዛዝ ምንድን ነው?» ከማለት አምስት መስመር ኮድ ሰጥተው ከሦስተኛው መስመር በኋላ አርዲኤክስ ውስጥ ስንት እንዳለ ይጠይቁ፤ ላብራቶሪ ውስጥም ተማሪው መልሱን በጂዲቢ ራሱ ያረጋግጥ።

የፕሮግራሚንግ አስተማሪዎች
ከደብረ ብርሃን