የካ አባዶ ቆሻሻ ይለያል፤ የሚደባልቀው መኪናው ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ቤት ቆሻሻ ያወጣችሁትን ዘገባ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቴም አንድ መስመር ላይ ስደርስ ቆምኩ። «በከተማዋ ዳርቻ ያሉ ነዋሪዎች በግንዛቤ እጥረት ምክንያት ቆሻሻን ሳይለዩ ያወጣሉ» ይላል። ከሥሩ ፎቶ አለ። ፎቶው ላይ ያለው ገንዳ የእኛ ነው። ወደ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ስትገቡ የሚገኘው፣ አንድ ጎኑ የዛገው። በየቀኑ አጠገቡ አልፋለሁ።

ሌላውን ዘገባ አልነካውም። ፌስታል ስለተከለከለበት የ2017ቱ አዋጅ የጻፋችሁት ደህና ነው። እኔን ያንገበገበኝ «የግንዛቤ እጥረት» የሚለው ነገር ነው። ዘጋቢያችሁ ገንዳውን ፎቶ አንስቶ ሄደ። ማንን ጠይቆ ነው ስለ እኛ የጻፈው? ደረጃችንን አልወጣም። በር አላንኳኳም።

ቢያንኳኳ ኖሮ ይህን ያይ ነበር። የምኖረው አራተኛ ፎቅ ነው። በረንዳዬ ላይ ክዳን ያለው ባልዲና ሁለት ማዳበሪያ አለ። ባልዲው ለልጣጭ ነው፤ የድንች፣ የካሮት፣ የሙዝ፣ የጎመን ግንድ። አንደኛው ማዳበሪያ የቆራሌው ነው፤ ሃይላንድ፣ ካርቶን፣ ጣሳ። ሌላኛው የመኪናው ነው፤ የልጅ ልጄ ዳይፐር፣ የቆሸሸ ላስቲክ፣ የቤት ጥራጊ። በእኛ ደረጃ ብዙው ቤት እንዲህ ነው።

ይህን ማን አስተማረን? ወተት የሚያመጡልን እናት ናቸው። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ይኖራሉ፤ እኛ ሳንመጣ በፊት የነበሩ ገበሬ ናቸው። ልጣጫችንን ለላሞቻቸው ይወስዳሉ። መጀመሪያ ቀን ባልዲዬን ሳቀብላቸው መሬት ላይ ዘረገፉትና በእጃቸው አንድ በአንድ ማገላበጥ ጀመሩ። ቅር አለኝ። ምን እየፈለጉ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ፌስታል ነዋ፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ በፊት አንዲት ላም ሞታባቸዋለች። መብላት አቆመች፣ ሆዷ ተነፋ፣ ከዚያ ወደቀች። ሲከፍቷት ፌስታሉ ከገመድ ጋር ተጠላልፎ እንደ ኳስ ሆኖ ወጣ። ላም የበላችው ላስቲክ አይፈጭም፣ አይወጣምም። እዚያው ሆዷ ውስጥ እየተከማቸ ይሄዳል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጣጩን የማገላብጠው እኔ ነኝ። የጎረቤቴ ልጅ፣ ገና ሰባት ዓመቷ ነው፣ የከረሜላ ልጣጭ ባልዲው ውስጥ ካየች «ላሟ ትሞታለች!» ብላ ታወጣዋለች። ይህ ግንዛቤ ካልሆነ ግንዛቤ የምትሉት ምንድን ነው? ሥልጠና ላይ የሚታደለው ቲሸርት ነው?

ቆራሌውስ? ስለ እነዚህ ልጆች በዘገባችሁ አንድ ቃል የለም። «ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ ሲሰማ የኛ ደረጃ ልጆች ማዳበሪያውን እየጎተቱ ይወርዳሉ። ቆራሌው ሽሮ የነካው ካርቶን አይገዛም። ፈሳሽ ያለበት ሃይላንድ አይቀበልም። ስለዚህ ካርቶኑን ገና ወጥ ቤት እያለን ከእርጥብ ነገር እናርቀዋለን። ብረቱና ቆርቆሮው መርካቶ ደርሶ፣ ምናለሽ ተራ ላይ ተቀጥቅጦ ምድጃና መጥበሻ ይሆናል። «ሪሳይክል» የሚለው ቃል ሳይመጣ አዲስ አበባ ይህን ስትሠራ ኖራለች። የሠሩትም ፀሐይና ዝናብ ላይ ጆንያ ተሸክመው የሚዞሩ ልጆች ናቸው። እነሱን ትቶ ስለ ቆሻሻ አለያየት መጻፍ ስለ እንጀራ ጽፎ ጤፍን እንደመርሳት ነው።

ጥፋት የለብንም አልልም። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የተሰበረ ብርጭቆ ከጥራጊ ጋር ጣልኩ። ማዳበሪያውን ያነሳችው ልጅ መዳፏን ቆረጣት። ጓንቷ ቀድሞውንም የተቀደደ ነበር። ደሟ ደረጃው ላይ ተንጠባጠበ። በሶፍት ጠቅልዬላት ቆምኩ፤ ምን እንደምላት አጣሁ። ብርጭቆው የእኔ መሆኑን የነገርኳት በሳምንቱ ነው። አሁን የተሰበረ ነገር ካርቶን ውስጥ እናደርግና በፕላስተር እናስረዋለን፣ ላዩ ላይ «ስባሪ» ብለን እንጽፋለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለይታችሁ አውጡ ተብለን ነበር። የሚበሰብሰውን በአንድ፣ የማይበሰብሰውን በሌላ። ላም ልጣጩን ብትወስድም እንጀራው፣ የቡና አተላው፣ የተበላሸው ምግብ ይቀራል። እሺ ብለን ለየን። ስምንት ወር ሙሉ ሁለት ሁለት ማዳበሪያ አወረድን። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቀድሜ ወርጄ መኪናው አጠገብ ቆምኩ። ቆሻሻ የሚጭነው ልጅ የመጀመሪያውን ማዳበሪያ ገለበጠ። ሁለተኛውንም እዚያው ላይ ገለበጠ። «ምነው ልጄ፣ እኛ እኮ ለይተን ነው» አልኩት። «እናቴ፣ መኪናው አንድ ነው፤ ሆዱም አንድ ነው» አለኝ።

ልጁ ልክ ነው። መኪናው መሀሉ ላይ መከፋፈያ የለውም። ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ የሚከፈላቸው ባስረከቡት ቆሻሻ ልክ ነው። ለይተው ቢያስረክቡ የሚጨምርላቸው ሰው የለም። ታዲያ ልጁ በምን ሒሳብ ይለያል? እኔስ ከአራተኛ ፎቅ ሁለት ማዳበሪያ ተሸክሜ የምወርደው ለማን ነው? ከውሃ ቢሉ ጋር የጽዳት እየከፈልን፣ የለየነው እየተደባለቀ፣ ላያችን ላይ ደግሞ «ግንዛቤ የላቸውም» ተብሎ ይጻፋል።

መደባለቁ ቀላል ነገር አይደለም። የከተማዋ የቤት ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነው። እርጥብ ነው። ረጲ ላይ በ2010 ዓ.ም. የተመረቀው ኃይል ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ነው። እርጥብ ቆሻሻ ሲገባበት እሳቱ ጉልበቱን የሚጨርሰው ውሃውን በማትነን ነው። እርጥብ እንጨት አንድዶ በጭስ ያለቀሰ ሰው ይህን ያውቀዋል። ልጣጩና የምግብ ትርፍራፊው ለብቻው ቢሰበሰብ ግን ለከብት ይሆናል፣ ለኮምፖስት ይሆናል። እኔ ከብሎኩ ጀርባ አንዲት ጉድጓድ አለችኝ። የቡና አተላውን፣ ደረቅ ቅጠሉንና ትንሽ አፈር እያቀያየርኩ አለብሳታለሁ። ጥቁር አፈር ይወጣታል። ጎመኔና ጤና አዳሜ የሚበቅሉት በእሱ ነው።

ደግሞ «ዳርቻ» የምትሉትን ነገር አስቡበት። የከተማዋ ቆሻሻ መድፊያ የሆነው ቆሼ በ1950ዎቹ ሲከፈት ከከተማ ውጭ ነበር። ከተማው ሄዶ ደረሰበት። በ2008 ዓ.ም. በእኛው መንገድ አልፎ ሰንዳፋ ላይ አዲስ መድፊያ ተከፈተ። ገበሬዎቹ ተቃወሙ፤ በወራት ውስጥ ተዘጋ። መኪናው ሁሉ ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ። ሕፃናት ነበሩበት። የከተማው ቆሻሻ ሁልጊዜ የሚሄደው ወደ ዳርቻ ነው። እናንተ ደግሞ ቆሻሻው ከዳርቻ የሚመጣ አስመሰላችሁት።

ገና በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 የቤቱ ኃላፊ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ቆሻሻ ለይቶ እንዲያወጣ ያዝዝ ነበር። እኛ ይህን አድርገናል። ለይቶ የሚቀበለን ማን ነው? ዘጋቢያችሁ መጠየቅ የነበረበት ይህን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አልጋዬ ሥር አንድ የወተት ጣሳ አለ። ያለቀ ባትሪ ድንጋይ ሞልቶታል። ከአፈሩ ጋር እንዳይገናኝ ብዬ ነው የማጠራቅመው። ቆራሌው አይወስደውም፤ መኪናው ላይ መጣል ደግሞ አልፈለግኩም። ሁለት ቢሮ ሄጄ የት ልውሰደው ብዬ ጠይቄያለሁ። «እዚሁ አይደለም» ብለው መለሱኝ። ጣሳው አሁንም እዚያው ነው።

ያቺን መስመር እንድታርሙ እጠይቃለሁ። ዘጋቢያችሁም ተመልሶ ይምጣ። መኪናው ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይመጣል። ገንዳው ጋ አይቁም፤ እኛ ደረጃ ሥር ይቁም። ካሜራውን ልጁ ሁለተኛውን ማዳበሪያ ሲገለብጥ ያንሳበት።

ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ