የእናትሽ ሙዳይ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 12

ለምወድሽ የልጅነት ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከጻፍኩልሽ ሁለት ዓመት አለፈ። መንገዱንና ስልኩን ሰበብ ማድረግ እችል ነበር፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ለእናትሽ ለቅሶ ሞጣ ድረስ ሳልመጣ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ እንደምጀምር እየጠፋኝ ዝም አልኩ፤ ዝምታውም በሰነበተ ቁጥር እየከበደኝ ሄደ። ይቅር በይኝ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን፤ ለእኔም እናት ነበሩ።

ዛሬ የምለምንሽ ነገር አለኝ፤ ግን ከነታሪኩ ልንገርሽ።

የግራፊክ ዲዛይን ትምህርቴ ሊያልቅ ነው። ዘንድሮ ሁለት ሥራ ያዝኩ፤ አንድ ፖስተርና አንድ የምርት ማሸጊያ። ፖስተሩ ጣናን ስለወረረው እምቦጭ ነው። የእምቦጭ ችግሩ አበባው ማማሩ ነው። ሐምራዊውን አበባ እንዳለ ብሥለው ሰው ለግድግዳው ጌጥ ይወስደዋል እንጂ አይፈራውም። ስለዚህ አበባውን ትቼ ሥሩን ሣልኩ። ከውኃው በታች እንደ ጸጉር የሚንጠለጠለው ጥቁር ሥር አብዛኛውን ወረቀት ሞላው፤ ከላይ በቀረችው ጠባብ ቦታ ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ በደንገል ታንኳው ተቀምጧል።

ሰውየውን የሣልኩት በጎን ስለነበር አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ዘጌ ላሉ አንድ መሪጌታ ባሳያቸው ብዙ ከተመለከቱት በኋላ «ልጄ፣ ይህ ሰው ምን በደለ?» አሉኝ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ስንት ጊዜ ያየሁት ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ በአንድ ዓይን የሚሣለው ክፉው ነው። ዓሣ አጥማጁን ወደ እኛ አዞርኩት። አሁን ፖስተሩ ፊት የቆመ ሰው ዓይኑን ይሸሻል።

ማሸጊያው የዘጌ ቡና ከረጢት ነው፤ 250 ግራም የሚይዝ። ዘጌ በሬ ተጠምዶ አይታረስም፤ ቡናው የሚበቅለው በገዳማቱ ዙሪያ፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ የመጀመሪያው ንድፌ ላይ የእንግሊዝኛውን ስም ከላይ አገዘፍኩት፤ አማርኛውን ከሥር አሳነስኩት። በማግሥቱ ሳየው አፈርኩ። ገልብጬ ጀመርኩ። የእኛ ፊደል እንደ እንግሊዝኛው ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ ስለሌለው ድምፅ የሚያገኘው ከውፍረቱና በዙሪያው ከሚተውለት ባዶ ቦታ ነው። «ዘጌ» ሁለት ፊደል ብቻ ናት፤ ግን አንድ ሳምንት ፈጀችብኝ። ሳወፍራት የ«ጌ» ቀለበት ይደፈናል፤ ሳቀጥናት ከሩቅ አትነበብም። በመጨረሻ በእጄ ጻፍኳት።

ከፊደሉ በታች ምን ላድርግ እያልኩ ስጨነቅ ጠረጴዛዬ ላይ ያለችውን ሙዳይ አየሁ። ወደዚህ ስመጣ እናትሽ የሰጡኝን። ታስታውሻለሽ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ስንደዶና አክርማቸውን አጠገባቸው አድርገው ሲሰፉ እኛ አለላውን በቀለም በቀለሙ እንለይላቸው ነበር። የሙዳይዋን ጥለት ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት አንዱን ብቻ ሥዬ ዙሪያውን በቅጂ ሞላሁት። ሁሉም እኩል ሆነ፤ ግን ሕይወት አልነበረውም። ሙዳይዋን አንሥቼ ስፌቱን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ዘጠኝ ጥለት አለ፤ ዘጠነኛው ከሌሎቹ ጠበብ ያለ ነው። ክቡ ሊገጥም ሲል ቦታ አንሷቸው ይመስለኛል። አልፈቱትም፤ አጥብበው አስገቡት። እኔም ያንን ጠባብ ጥለት እንዳለ አስቀመጥኩት፤ ከረጢቱ ሲታጠፍ ከ«ዘጌ» ሥር ይውላል።

ቀዩ አለላ አስቸግሮኛል። ስክሪኑ ላይ እንደ ፍም ያበራል፤ ቡናማው ወረቀት ላይ ሲታተም ግን የደረቀ ደም መሰለ። ስክሪን ቀለም የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ወረቀት ደግሞ ቀለሙን ይጠጣል። አሁን መጀመሪያ ነጭ አሳትሜ ቀዩን በላዩ ላይ እደርባለሁ። ወጪው ይጨምራል፤ ግን የእናትሽ ቀይ ደብዝዞ እንዲወጣ አልፈልግም።

ልመናዬ ይህ ነው። ጥለቱ የእርሳቸው እንጂ የእኔ አይደለም፤ አሁን ደግሞ ያንቺ ነው። ካልፈቀድሽ ወደ ማተሚያ ቤት አልልከውም፤ ሌላ እሠራለሁ፤ ቅርም አልሰኝም። ከፈቀድሽ ግን ከረጢቱ ጀርባ ላይ ጥለቱን የሰፉት ማን እንደሆኑ መጻፍ እፈልጋለሁ። ወይዘሮ ብዬ ከነአባታቸው ስም ልጻፈው ወይስ እኛ እንደምንጠራቸው «እታለም» ልበል? እኔ ሁለተኛው ደስ ይለኛል፤ ልጃቸው ግን አንቺ ነሽ።

እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ እጠብቅሻለሁ። ደብዳቤ ከሚዘገይ ደውዪልኝ፤ አሁን አነሣለሁ።

ናፋቂሽ እህትሽ